የመጨረሻው የሳልዝቡርግ ልዑል ጳጳስ ታለር፦ መዝኖና አንብቦ እውነተኛውን መለየት

ሊቀ ጳጳስ ሂየሮኒሙስ ኮሎሬዶ ከ1772 ጀምሮ ሳልዝቡርግን (ዛሬ ኦስትሪያ ውስጥ ያለችውን ከተማና ግዛቷን) ሲገዙ መስቀሉንም ሰይፉንም የያዙ ሰው ነበሩ። ይቀድሳሉ፣ ግብር ያስከፍላሉ፣ ይፈርዳሉ፣ በስማቸውም የብር ገንዘብ ያስቀርጻሉ። እኛ ዘንድ ጳጳሱ ንጉሡን ይቀባ ነበር እንጂ ገንዘብ አያስቀርጽም ነበር፤ በጀርመን ምድር ግን እንዲህ ያሉ ልዑል ጳጳሳት ለዘመናት አገር ገዝተዋል። የፈረንሳይ ጦር ሲቃረብ ኮሎሬዶ ዲሴምበር 10 ቀን 1800 ከተማቸውን ጥለው ሸሹ፤ በዚያው ወር ፈረንሳዮች ገቡ። ሊቀ ጳጳሱ በስም ገዢ ሆነው ቆይተው በፌብሩዋሪ 1803 ዓለማዊ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ1812 ቪየና ውስጥ ዐረፉ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የእኚህ ሰው ታለር (ትልቁ የብር ገንዘብ) ሲገኝ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያዩት መልኩን ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። መልክ በቀላሉ ይቀዳል። ክብደትና መጠነ ይዘት አብረው እንዲገጥሙ ማድረግ ግን ብዙ ያስቸግራል፤ የማዕረግ ፊደላቱንና ዓመተ ምሕረቱን ማጣጣም ደግሞ ታሪኩን ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል ሚዛን፣ ውኃ፣ ጠርዝ፣ ፊደል፣ ዓመት ነው።

ከማርትሬዛ ጋር ያለው ዝምድና

ቤታችሁ የአያት ጠገራ ብር (ማርትሬዛ) ካለ ግማሹን ሥራ ጨርሳችኋል። ኦስትሪያና ባቫሪያ በ1753 ባደረጉት የገንዘብ ስምምነት መሠረት ከአንድ የኮሎኝ ማርክ ንጹህ ብር፣ ማለትም ከ233.856 ግራም፣ 10 ታለር ይወጣል። በእያንዳንዱ ታለር ውስጥ 23.386 ግራም ንጹህ ብር አለ ማለት ነው። በዚህ ላይ መዳብ ተጨምሮ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር ሲሆን (833 ከሺህ) ጠቅላላ ክብደቱ 28.06 ግራም ይመጣል። ማርትሬዛ የተሠራችው በዚህ ልክ ነው፤ የኮሎሬዶ ታለርም እንዲሁ። ዳግማዊ ምኒልክ ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ ያስቀረጹት ብር 28.075 ግራም እና 835 ከሺህ የሆነውም ገበያው የለመደው ይህን ክብደት ስለነበር ነው።

1780 የሚል ዓመት እየተጻፈባቸው በኋላ የታተሙት ማርትሬዛዎችም ልካቸው ያው በመሆኑ ለማነጻጸሪያ ያገለግላሉ። ብቻ ማንጠልጠያ ያልተበየደበትና ያልተቆረጠ ይሁን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ዲጂታል ሚዛን (ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት)፣ ካሊፐር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጠንካራ ትንሽ ማግኔት፣ ቀጭን የናይለን ክር፣ ሚዛኑ ላይ የሚቀመጥ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ወዲያ ወዲህ የሚዞር የጠረጴዛ መብራት። ጠረጴዛው ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፤ 28 ግራም ብር ሴራሚክ ወለል ላይ ከወደቀ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ጉዳት አይጠገንም። ያዙት ሲባል ጠርዙን በሁለት ጣት ነው፤ ፊቱንና ጀርባውን አትንኩ፤ የጣት ላብ ከወራት በኋላ ቡናማ አሻራ ሆኖ ብቅ ይላል።

ሚዛኑ

ሚዛኑን ዜሮ አድርጋችሁ ታለሩን ሦስት ጊዜ መዝኑ። ብዙም ያልተገበያየበት ከ27.9 እስከ 28.1 ግራም ያሳያል። በእጅ ብዙ የዞረው ወደ 27.6 ሊወርድ ይችላል። ከ27.2 በታች ከሆነ ምክንያት ፈልጉ፦ ጠርዙ ተፍቋል? ተበስቶ ተደፍኗል? በጣም አርጅቷል? ፊቱ አዲስ ሆኖ ክብደቱ ብቻ ከጎደለ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ። ከ28.3 በላይ ከሆነም እንዲሁ፤ የዚያ ዘመን ሠራተኛ በነጻ ብር አይሰጥም ነበር።

ግማሽ ታለር 14.03 ግራም ነው። ክሮይሰር ትንሹ የገንዘብ መቁጠሪያ ነው፤ በስምምነቱ ስሌት 120 ክሮይሰር አንድ ታለር ይሆናል። ባለ 20 ክሮይሰሩ ግን የታለሩ ስድስተኛ አይመዝንም፤ 6.68 ግራም ሆኖ ብሩ 583 ከሺህ ብቻ ነው። ባለ 10 ክሮይሰሩ 3.9 ግራም፣ 500 ከሺህ። ትናንሾቹ መዳብ የበዛባቸው ስለሆኑ ቀላ ቢሉ ወይም ጠርዛቸው ላይ መዳብ መሰል ቢታይ አትደንግጡ። ታለር ላይ ቀይ ከታየ ግን መደንገጥ ይገባል።

በዚህ አጋጣሚ፦ በስምምነቱ ስሌት ታለሩ ሁለት ጉልደን (አንዱ ጉልደን 60 ክሮይሰር ነው) ሲሆን በደቡብ ጀርመን ገበያ ግን 2 ጉልደን ከ24 ክሮይሰር ይቆጠር ነበር፤ «20» ተብሎ የተጻፈበት ሳንቲምም በ24 ክሮይሰር ይሄድ ነበር። ሞዛርት ከ1779 ጀምሮ የእኚሁ ሊቀ ጳጳስ የቤተ መንግሥት ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በዓመት 450 ጉልደን ይከፈለው ነበር፤ በገበያው ስሌት 187 ታለር ተኩል መሆኑ ነው። የድሮ ሰነድ ላይ ያለ የጉልደን ቁጥርን በታለር የምትመነዝሩ ከሆነ የትኛው ስሌት እንደሆነ ሳታጣሩ አታካፍሉ።

የውኃው ሙከራ

ከሙከራዎቹ ሁሉ ብዙ የሚነግረን ይህ ነው፤ ወጪውም አንድ ኩባያ ውኃ ነው።

ኩባያውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ለብ ባለ ንጹህ ውኃ ሙሉና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩበት፤ አረፋ ብረቱ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ታለሩን በክር አስራችሁ፣ ክሩን ከእርሳስ ወይም ከሹካ ላይ አንጠልጥላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፤ የኩባያውን ታችም ሆነ ግድግዳ ግን አይንካ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው የታለሩን ክብደት ሳይሆን ታለሩ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው።

ከዚያ ማካፈል ብቻ ነው፦ የደረቁ ክብደት ሲካፈል ለውኃው ንባብ። 833 ብር ያለው ቅይጥ 10.2 ገደማ ይሰጣል። ለምሳሌ ታለሩ ደረቁን 27.84 ግራም ሆኖ ውኃ ውስጥ 2.73 ቢያነብ ውጤቱ 10.2 ነው፤ ጥሩ ነው። 28.06 ግራም የሆነ ሙሉ ታለር 2.75 አካባቢ ያነባል። ያው ክብደት ያለው በብር የተለበጠ መዳብ 3.13 ያነባል፤ ናስ ወደ 3.3 ይጠጋል። እርሳስ በተቃራኒው ዝቅ ብሎ 2.47 ይሰጣል። ልዩነቱ በ0.01 ግራም ሚዛን ላይ ጎልቶ የሚታይ ነው።

የሚበላሸው ምን ላይ ነው? ቁጥሩ ወደ 20 ግራምና ከዚያ በላይ ከዘለለ ታለሩ ታች ነክቷል። ከሚጠበቀው ትንሽ ከፍ ካለ (ለምሳሌ 2.82) ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከጠርዙ ሥር የተደበቀ የአየር አረፋ ነው፤ አውጥታችሁ፣ ውኃው ውስጥ ነቅነቅ አድርጋችሁ ድገሙ። ወፍራም ክርም ራሱ ውኃ ስለሚገፋ ንባቡን ከፍ ያደርጋል፤ ናይለን ይሁን የተባለው ለዚህ ነው። ንባቡ እየተንቀሳቀሰ አልረጋ ካለ ማራገቢያውን አጥፉ።

አሁን ጠገራ ብራችሁን በዚያው ክር አንጠልጥሉ። ሁለቱ ሲካፈሉ የሚሰጡት ቁጥር ከ0.1 በላይ ከተራራቀ አንደኛው ከስምምነቱ ልክ ውጭ ነው፤ ጠገራው ካልሆነ እንግዳው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ሙከራ «ብር ነው» ይላል እንጂ «የኮሎሬዶ ነው» አይልም። ዛሬ ከ925 ብር የተሠራ ቅጂ 10.36 ይሰጣል፤ በሙሉ ታለር ክብደት 2.71 ገደማ ያነባል ማለት ነው። ከ2.75 ያለው ርቀት አራት መቶኛ ብቻ ስለሆነ በአንድ አረፋ ይጠፋል።

ማግኔቱ ደግሞ ፈጣን ወንፊት ነው፤ ከሳበው ውስጡ ብረት አለ፣ ጨዋታው አበቃ። ካልሳበው ግን ምንም አላረጋገጠም፤ መዳብም እርሳስም ናስም አይሳቡም።

ውፍረትና ጠርዝ

ስፋቱ 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ማርትሬዛ 39.5 ናት። ስፋቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከውፍረቱ ጋር ሲታይ ግን ይናገራል። ቀለል ያለ ብረት 28 ግራም እንዲሞላ ቦታ ይፈልጋል፤ በተመሳሳይ ስፋት ከኒኬልና ከናስ ቅይጥ የተሠራ አስመሳይ ከእውነተኛው ከአሥር እጅ አንድ ተኩል ያህል ወፍሮ ይገኛል። ካሊፐሩን አራት ቦታ ላይ አሳርፉ። በእጅ በሚሠራ መምቻ ዘመን የተመታ ገንዘብ ውፍረቱ ትንሽ ቢለያይ ችግር የለውም።

ጠርዙን በመነጽር ዙሩት። የምትፈልጉት መስመር ነው፦ በሁለት ግማሽ ሻጋታ የፈሰሰ ብረት መሃሉ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስስ ስፌት ይተዋል። አስመሳዩ ያንን ስፌት በሞረድ ካጠፋው ደግሞ የጠርዙ ጌጥ እዚያ ላይ ደብዝዞ ይታያል። የጠርዙን ጌጥ ከታወቀ የሙዚየም ወይም የጨረታ ቤት ፎቶ ጋር ለዚያው ዓመት አነጻጽሩ፤ በሌላ ዓመት አይሆንም። ጠርዙን ያላሳየ ሻጭ ካጋጠማችሁ ፎቶውን ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

መልኩ፦ ያረጀና የደበዘዘ አንድ አይደሉም

የሊቀ ጳጳሱ ፊት ወደ ቀኝ ያያል፤ በብዙዎቹ ላይ ከትከሻው በታች ያለችው «ኤም» ፊደል የማትሰንኮፕፍ ቤተሰብ የማህተም ቀራጮች ምልክት ናት። መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን አብሩበት። ለዓመታት በኪስና በከረጢት የዞረ ገንዘብ መጀመሪያ የሚላጨው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ ከጆሮ በላይ ያለው ፀጉር፣ ጉንጩ፣ የትከሻው ልብስ። በሁለት የፀጉር ዘለላዎች መካከል ያለው ጎድጓዳ ግን ስለቱን እንደያዘ ይቆያል፤ የፊደላቱ እግርም ከሜዳው (ምስልና ፊደል ከሌለበት ለጥ ያለ ክፍል) ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ሹል ነው። በሻጋታ የፈሰሰ ቅጂ ላይ ከፍታውም ጎድጓዳውም እኩል ደብዝዘዋል፤ ሳሙና ላይ የተቀረጸ ይመስላል፤ ፊደላቱ ሥር ጥቃቅን ክብ ጉድጓዶች ይታያሉ። እነዚያ የአየር አረፋ ናቸው፤ በምት በተሠራ ገንዘብ ላይ ሊኖሩ አይችሉም።

ሜዳው ላይ ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን ጭረቶች ካያችሁ «ተጎድቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ገንዘቡ ከመመታቱ በፊት ክብደቱ ትርፍ የሆነ ጠፍጣፋ ብር በሞረድ እየተፋቀ ይስተካከል ነበር፤ ምቱ ሁሉንም ሞረድ አያጠፋውም። መለያው ይህ ነው፦ የሞረዱ መስመር ወደ ፊደሉ ወይም ወደ ፀጉሩ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይቋረጣል ወይም ይደበዝዛል፤ ከምቱ በፊት ነበረና። በኋላ የመጣ ጭረት ግን ፊደሉን አቋርጦ ያልፋል። በእኔ ግምት የሞረድ ምልክት ያለበት ታለር ከተወለወለው ይልቅ ሊታመን ይገባል፤ ሻጮች ግን ዋጋውን ስለሚቀንሱበት ለገዢ ይጠቅማል።

ፊደላቱን ማንበብ

ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ ላቲን ነው፤ እንደ ዓመቱ ነጥቦቹና አጽሕሮቱ ትንሽ ይለያያሉ። ከስሙ «ሂየሮኒሙስ» ቀጥሎ የሚመጡትን ፊደላት እንዲህ ፍቱ፦

«ዲ ጂ» ዴኢ ግራቲያ ነው፤ በእግዚአብሔር ጸጋ። «ኤ እና ፒ» አርኪኤፒስኮፑስ ኤት ፕሪንኬፕስ፤ ሊቀ ጳጳስና ልዑል። «ኤስ» የሳልዝቡርግ። «ኤ ኤስ ኤል ኤን» የሐዋርያዊት መንበር የትውልድ እንደራሴ፤ ሹመቱ ከመንበሩ ጋር የሚወረስ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ «ጀርም ፕሪም»፤ የጀርመን ቀዳሚ ጳጳስ።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ከባዷ «ፒ» ናት። የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ማዕረጎች ናቸው፤ ገንዘብ የማስቀረጽ መብት የሚመጣው ግን ከእሷ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ከተማቸውን ጥለው ከሸሹ በኋላም በሕግ «ፒ»ዋን አላጡም፤ ያጧት በ1803 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ላይ የኃይል መድከም አትፈልጉ፤ ማዕረጉ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው።

አስመሳዮች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ ላቲን ስለማያውቁ አንድ ፊደል ይዘላሉ ወይም «ሲ»ን በ«ጂ» ይተካሉ። በዓይን ብቻ ከማለፍ ይልቅ ፊደል በፊደል ወረቀት ላይ ገልብጡና ከታወቀው ጋር አስተያዩ፤ ዓይን የለመደውን ቃል ሳያነብ ያልፋል።

ጀርባው ላይ ያለውን ጋሻ ስታዩ የሳልዝቡርግን ክፍል ፈልጉ፦ በአንድ ወገን የቆመ አንበሳ፣ በሌላው ወገን በአግድም የሚያልፍ ባንድ። በጋሻ ቅርጽ ሥራ ነጥብ ወርቅን፣ ቁልቁል የተሰመረ መስመር ቀይን፣ ባዶ ሜዳ ብርን ይወክላል። ስለዚህ አንበሳው ያለበት ነጠብጣብ፣ ባንዱ ያለበት ሜዳ ቁልቁል የተሰመረ፣ ባንዱ ራሱ ባዶ መሆን አለበት። በመነጽር የሚታይ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር በርካሽ ቅጂ ላይ ወደ ጭረት ክምችት ይለወጣል።

ዓመቱ

1772 እና 1803 አጥሮቹ ናቸው። የኮሎሬዶ ስም ኖሮት ከዚያ ውጭ የተጻፈበት ነገር ስህተት ነው፤ ለምርመራ እንኳ ጊዜ አይባክንበት። 1803 ራሱ የድንበር ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት ግዛቱ ወደ ቱስካኒው ፈርዲናንድ ተላልፎ እሱ «መራጭ ልዑል» (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት ልዑላን አንዱ) ተብሏል። 1803 ካያችሁ ቀኑን ትታችሁ ስሙን አንብቡ። ፈርዲናንድም ግዛቱን እስከ 1805 ማብቂያ ብቻ ነው የያዘው።

የመጨረሻው ቁጥር ላይ መነጽሩን አሳርፉ። የተለመደ ዓመትን ወደ ብርቅ ዓመት ለመለወጥ አንድ አኃዝ በመርፌ ይቀየራል፤ የተነካው አኃዝ ዙሪያው ያለው ሜዳ ወይ ከሌላው በላይ ያበራል ወይ ጎድጎድ ይላል፤ ቁመቱም ከጎረቤቶቹ አይተካከልም።

ማንጠልጠያ የነበረው

በአልፕስ አካባቢ ታለርን በሰንሰለት አንጠልጥሎ ማጌጥ እንደ እኛው አገር ነበር። ቀለበቱ ከተነቀለ በኋላ ቦታው ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ከራሱ በላይ፣ ሰዓት ቢሆን 12 በሚሆንበት ጠርዝ ላይ፣ የተለየ ቀለም፣ የብየዳ ጠብታ ወይም የጠፋ የጠርዝ ጌጥ ፈልጉ። የብሩ ዋጋ ያው ነው፤ የሰብሳቢው ዋጋ ግን በእጅጉ ይወርዳል። «ኮፒ» የሚል ቃል የተፋቀበት ቅጂም በዚሁ ዓይነት በተሞረደ ቦታ ይታወቃል፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ ሜዳው ላይ ነው።

ማሽን ካገኛችሁ

አንዳንድ ወርቅ ቤቶች በኤክስሬይ የብረት ዓይነት የሚለይ መሣሪያ አላቸው። ሁለት ቦታ አስነብቡ፤ አንዱ ከፍ ያለና ያረጀ ቦታ ይሁን። መሣሪያው የሚያየው ላዩን ብቻ ስለሆነ ወፍራም ልባጥ ሊያታልለው ይችላል፤ የአሮጌ ብር ላይኛው ሽፋን ደግሞ መዳቡ በጊዜ ስለሚታጠብ ከ833 ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ የብሩን መቶኛ ትታችሁ ዝርዝሩን ተመልከቱ። በዚያ ዘመን የተነጠረ ብር ጥቂት ወርቅና እርሳስ ይዞ ይቀራል፤ ሁለቱም ፈጽሞ ከሌሉ ብሩ የዘመናችን ማጣሪያ ውጤት ሊሆን ይችላል። ካድሚየም ከታየ ዘመናዊ ብየዳ አለበት።

አታጥቡት፤ እንዴት ይቀመጣል?

ሎሚና አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ ከፎይል ጋር፤ ለጌጥ የምንጠቀምባቸው ሁሉ ለታለር ጠላት ናቸው። ጥቁረቱ የብር ሰልፋይድ ነው፤ ሲፈቀፈቅ ከሥሩ ያለውን የምቱን አንጸባራቂ ቆዳ ይዞ ይሄዳል፤ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ሊታጠብ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመጥፎ ፕላስቲክ የመጣ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ዝቃጭ። ንጹህ አሴቶን (የጥፍር ማስለቀቂያው ዘይትና ሽቶ ስላለው አይሆንም) በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፣ ታለሩን ለሦስት ደቂቃ ንከሩ፣ በአዲስ አሴቶን ድገሙ፣ ወረቀት ላይ ሳትፈትጉ አድርቁ። መስኮት ይከፈት፤ ምድጃም ሻማም አጠገብ አይኑር።

ለማስቀመጫ ለስላሳና የሚሸት ፕላስቲክ ከረጢት አትጠቀሙ፤ ያን አረንጓዴ የሚያመጣው እሱ ነው። ጠንካራ የማይላር (የፖሊስተር ፕላስቲክ) ማስቀመጫ ወይም አሲድ የሌለው የወረቀት ኤንቨሎፕ ይሻላል። ላስቲክ ማሰሪያ በአጠገቡ አይቀመጥ፤ ድኝ ስላለው ኤንቨሎፑን አልፎ ጥቁር መስመር ያትማል። የኤንቨሎፑ ላይ ጽሑፍ ታለሩ ከመግባቱ በፊት ይጻፍ፦ ስም፣ ዓመት፣ ደረቅ ክብደት፣ የውኃ ንባብ፣ የተገዛበት ቀን፤ ደረሰኙ ለብቻው ይቀመጥ። ታለሩ ከገባ በኋላ በእስክሪብቶ ከተጻፈ ጫናው ወረቀቱን አልፎ የሊቀ ጳጳሱ ጉንጭ ላይ ያርፋል።